መራራው ዱቄት

ፋብሪካ ውስጥ ስሜ ምላስ ነው። ስሙን ያወጡልኝ በሁለት ምክንያት ነው፤ አንደኛው ሥራዬ፣ ሁለተኛው ጠባዬ። ሥራዬ መቅመስ ነው። ጠባዬ ደግሞ ያው ነው፤ ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ትሰብራለች ይባል የለ? ስንት ሰው እንደሰበርኩ አልቆጠርኩም። አንዷን ግን ስሟንም ቀኑንም አውቃለሁ፤ የማወራውም ስለ እሷ ነው።

የምንሠራው ፖም መቁረጥ ነው። ይህን ስል ሰው ሁሉ ይስቃል። «ፖም ለመቁረጥ ደግሞ ፋብሪካ ምን ያደርጋል? ቤት ውስጥ ቢላዋ ጠፍቶ ነው?» ይለኛል። እስቲ ሞክሩት። አንድ ፖም ቆርጣችሁ ጠረጴዛ ላይ ተዉትና ስልክ አውርታችሁ ተመለሱ፤ የዛገ ቆርቆሮ መስሎ ይጠብቃችኋል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ብታስገቡት ደግሞ በሦስተኛው ቀን ይልፈሰፈሳል፤ በአምስተኛው ቀን ለጠላትም አይሰጥም። እኛ ግን ቆርጠን፣ በከረጢት አሽገን፣ ዐሥር ቀን ሙሉ ነጭ ሆኖ እንዲቆይ፣ ጥርስ ሲያርፍበትም ቀጭ ብሎ እንዲሰበር እናደርገዋለን። ይህ በጸሎት አይመጣም።

መጀመሪያ ፖሙ ሳይቆረጥ በፊት ይቀዘቅዛል። ሞቅ ያለ ፖም የቆረጠ ሰው ከጅምሩ ተሸንፏል። ቀጥሎ ቢላዋው ነው። የደነዘ ቢላዋ ፖሙን አይቆርጠውም፣ ይደቁሰዋል፤ የተደቆሰ ደግሞ ጭማቂውን ይለቅና ይጠቁራል። ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ ስለት ከመሳል በቀር ሌላ ሥራ የሌላቸው አንድ ሽማግሌ አሉን፤ ጋሽ ሞረድ እንላቸዋለን። የተቆረጠው በበረዶ ውሃ ይታጠብና ሁለት ዱቄት የተበጠበጠበት በርሜል ውስጥ ሦስት ደቂቃ ይነከራል። አንደኛው ዱቄት ቫይታሚን ሲ ነው፤ እኛ ጎምዛዛው እንለዋለን፤ እንዳይጠቁር ያደርገዋል። ሁለተኛው ካልሲየም ነው፤ እሱን መራራው እንለዋለን፤ የፖሙን ሥጋ ጥፍንግ አድርጎ ይይዝና እንዳይልፈሰፈስ ያደርገዋል። ከዚያ ውሃው ተራግፎ ይታሸጋል፤ ከዜሮ በላይ ሁለት ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ከሞቀ ይበላሻል። ከዜሮ በታች ከወረደ ደግሞ በረዶ ይሠራና ሲፈታ ገንፎ ይሆናል።

ጣጣው ያለው መራራው ላይ ነው። ካነሰ ፖሙ ይልፈሰፈሳል። ከበዛ ፖሙ ይጠነክራል፣ ያምራል፣ ያብረቀርቃል፣ ግን ይመራል። ይህን ደግሞ ዓይን አያየውም፣ ጣት አይዳስሰውም። የሚያውቀው ምላስ ብቻ ነው። በየጠዋቱ ከመጀመሪያው በርሜል የወጣውን ቀምሼ «ልክ ነው» ካላልኩ አንዲት ከረጢት ከበር አትወጣም። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ሥራ አስኪያጆች መጡ፣ ሄዱ፤ ማሽኖች ተገዙ፣ ተጣሉ፤ የኔ ምላስ ግን እንደ ቋሚ ንብረት ነበረች።

ይህች ምላስ ባለፈው ክረምት ሞተች።

ጉንፋን ነበር የያዘኝ፤ ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ ዐሥር ቀን አልጋ። ስነሳ የጠጣሁት ሾርባ ሙቅ ውሃ ሆነብኝ። ሎሚ ነከስኩ፤ እርጥብ ጨርቅ የነከስኩ መሰለኝ። ነገ ይመለሳል አልኩ። ሳምንት ጠበቅኩ፣ ወር ጠበቅኩ። ሐኪም ዘንድ መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም። የፋብሪካው ሐኪም ወረቀት ይጽፋል፣ ወረቀት ደግሞ ይነበባል። እኔ ከዚህ ሌላ ምን አለኝ? ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ የትምህርት ማስረጃ የለኝ። ሰው «እትዬ» ብሎ የሚነሳልኝ፣ ሥራ አስኪያጁ እንኳ ቆሞ ፊቴን የሚጠብቀው በዚች ምላስ ነው። ፈራሁ። ፍርሃቱን ደግሞ ለማንም ሳልናገር ዓይኔን በጨው አጥቤ ሥራ ገባሁ።

ቁራጩን አነሳለሁ፣ ብርሃን ላይ ገልበጥ አድርጌ አያለሁ፣ በአውራ ጣቴ ጫን እለዋለሁ፣ እነክሰዋለሁ፣ ድምፁን አዳምጣለሁ። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ትንሽ እቆያለሁ፤ ይህኛው ለተመልካች ነው። ከዚያ «ልክ ነው» እላለሁ። አምስት ወር ሙሉ አንድም ቅሬታ አልመጣም። እየቆየሁ ስሄድ፣ ለካ መቅመስ በጣትና በጆሮም ይቻላል ማለት ጀመርኩ። አልፎ ተርፎም በራሴ ኮራሁ። ሰው ራሱን ሲሸውድ የሚያህለው የለም።

በርሜሉ ላይ የምትሠራው ታናሽ እህቴ ናት። የሥራ ስሟ በጥባጭ ነው፤ በዓለም ላይ እንደ እሷ ያለ ሰላማዊ በጥባጭ ግን አይገኝም። ሚጡ ነው የምላት። እናታችን ስትሞት እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ እኔ ሃያ ሰባት። ፀጉሯን እየጎነጎንኩ፣ ደብተሯን እየሸፈንኩ፣ ስታጠፋ በዚሁ ምላሴ እየገረፍኩ አሳደግኳት። ፋብሪካ ያስገባኋትም እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት በጊዜያዊነት ሠርታ ይህ ሁሉ በሆነበት ወር መጨረሻ የቋሚነት ደብዳቤ ሊሰጣት ነበር። ቋሚ ሠራተኛ ከሆነች ፋብሪካው የጀመረችውን የኬሚስትሪ ትምህርት ያስጨርሳታል። ለደብዳቤው የሚሆን መሳቢያ እንኳ ጠርጋ፣ ወረቀት አንጥፋ አዘጋጅታለች። ባዶ መሳቢያ በቀን ሁለት ጊዜ እየከፈተች ስታይ እስቅባት ነበር።

ሥራ አስኪያጃችን ዲግሪ ይባላል። ዲግሪ የምንለው ዲግሪ ስላለውና መኖሩንም ስለማያስረሳን ነው፤ ደግሞም በቀን አምስቴ የማቀዝቀዣውን ክፍል ከፍቶ «ስንት ዲግሪ ነው?» ይላል። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይህን ታሪክ መናገር ይቀለኝ ነበር። አንድ ጠዋት ሰበሰበንና ትምህርት ቤቶች ፖማችንን ሊወስዱ መሆኑን ነገረን። ብዙ ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን ሩቅ ስለሆኑ ዐሥራ ስምንት ቀን የሚቆይ ፖም ይፈልጋሉ።

«ዐሥር የነበረውን ዐሥራ ስምንት እናደርገዋለን» አለ። «መራራውን ከፍ እናደርጋለን። እስከ ምን ድረስ? ምላስ በቃ እስክትል ድረስ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

በማግሥቱ አራት ሳህን ተደረደረልኝ። የመጀመሪያው በተለመደው ልክ፣ ለአንድ በርሜል አንድ ጣሳ መራራ ተደርጎ የተነከረ ነው። ሁለተኛው አንድ ተኩል፣ ሦስተኛው ሁለት፣ አራተኛው ሁለት ተኩል። ዲግሪ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ አጠገቤ ቆመ።

«በጥባጭ ትውጣ» አለ። «ፊቷን አይተሽ እንዳትወስኚ።»

ሚጡ በሩ ጋ ደርሳ ቆም አለች። «እኔም ብቀምስ ምን አለበት? ሁለት ሰው ቢቀምስ አይሻልም?»

«ምላስ እያለችልን?» አለ ዲግሪ።

«ውጪ አንቺ» አልኳት እኔም። ወጣች።

አንደኛውን ነከስኩ። ቀዝቃዛ፣ እርጥብ፣ ጠንካራ። ሁለተኛውም ቀዝቃዛ፣ እርጥብ፣ ጠንካራ። ሦስተኛውን አኝኬ ስውጥ ጀርባዬን አላበኝ፤ ያለሁበት ክፍል ደግሞ ሹራብ ተደርቦ የሚገባበት ነው። አራተኛው ከሁሉም ያምራል፤ አውራ ጣቴን መልሶ ይገፋኛል። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ሁሉም ልክ ነው ብል ይጠረጥሩኛል ብዬ አሰብኩ። የሆነ ቦታ ላይ መምረር አለበት፤ መምረር ካለበት ደግሞ መጨረሻው ላይ ነው። ፊቴን አጨማደድኩ፣ ወደ ቅርጫቱ ተፋሁ።

«ይሄ መሯል።»

«ሦስተኛውስ?»

«ልክ ነው።»

ዲግሪ «ሁለት ጣሳ» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም አሰመረበት። ከሦስተኛው ሳህን የተረፈው ታሽጎ ዐሥራ ስምንት ቀን ተቀመጠ። ሲከፈት እውነትም ድንቅ ነበር፤ ነጭ፣ ጥርት ያለ፣ ሲሰበር የሚጮኽ። እሱን ግን የቀመሰው ሰው የለም። ዲግሪን ቀዝቃዛ ነገር ጥርሱን ያመዋል። ከኛም መሃል ፖም የሚበላ ሰው አይገኝም፤ ቀኑን ሙሉ ፖም ሲያይ የዋለ ሰው ፖም አያምረውም። ደግሞስ ምላስ ልክ ነው ካለች በኋላ ማን ይቀምሳል?

ለትምህርት ቤቶቹ የሚሄደው የመጀመሪያ ጭነት ቀን ዲግሪ ራሱ የመጀመሪያው በርሜል አጠገብ ቆሞ ጣሳውን ቆጠረ። ሚጡ እንደ ወትሮዋ ሳህኑን ይዛልኝ መጣች። አየሁ፣ ጫን አልኩ፣ ነከስኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ልክ ነው።»

አልሄደችም። «እስቲ ደግመሽ ቅመሺው» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም። ትንሽ ውሃ ጠጪና ደግመሽ ቅመሺው። ደክሞሽ ይሆናል።»

«ሚጡ፣ እኔ መቅመስ የጀመርኩት አንቺ አፍንጫሽን መጥረግ ሳትችዪ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔ የምልሽ፣ ካላመንሽበት እኮ ዛሬ አልመጣልኝም፣ ሌላ ሰው ይቅመስ ማለት ይቻላል። ነውር የለውም። ማንም ምንም አይልሽም።»

ይህን ስትል ቆራጮቹ ቢላዋቸውን ገታ አድርገው ወደኛ ዞሩ። ደሜ ፈላ። አሁን ሳስበው የፈላው በእሷ አልነበረም፤ ግን የወረደው በእሷ ላይ ነው።

«ትናንት አፏን የፈታች ልጅ ዛሬ መቅመስ ልታስተምረኝ ነው?» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ። «ሂጂና በጥብጪ። ሥራሽ እሱ ነው።»

ሰው ሳቀ። ሚጡ እስከ ጆሮዋ ቀላች፤ ሳህኑን ይዛ ተመለሰች። ከሰዓት በኋላ የጭነት መኪናዎቹ ሞልተው ወጡ።

በአምስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። ልጅ አይዋሽም፤ ትልቅ ሰው ቢሆን በይሉኝታ ይውጠው ነበር። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ልጆች ነክሰው ተፉት። የሁለተኛው ልጆች መድኃኒት አብልታችሁን ነው ብለው አለቀሱ። የሦስተኛው ርዕሰ መምህር ከረጢቱን ሳይከፍቱ መለሱት፤ ወሬው ቀድሞ ደርሷቸዋል። ሁለት መኪና ሙሉ ያማረ፣ የጠነከረ፣ የሚያብረቀርቅ ፖም በሩ ላይ ተገተረ።

ዲግሪ እኔንና ሚጡን ቢሮው ጠራን። ጠረጴዛው ላይ ከተመለሱት አንዱ ከረጢት ተከፍቷል። ጥርሱን ጨክኖበት ራሱ ነክሶ ኖሮ፣ የተፋበት ወረቀት አጠገቡ ነበር። ከረጢት ላይ ቀን እንጂ በርሜል አይጻፍም፤ የትኛው ከየትኛው በርሜል እንደወጣ የሚታወቅበት መንገድ አልነበረም።

«ስንት ጣሳ ነው የጨመርሽው?» አላት።

«ሁለት። አጠገቤ ቆመው አይተዋል።»

«የመጀመሪያውን በርሜል አይቻለሁ፣ ልክ ነሽ። ከዚያ ስብሰባ ገባሁ። የቀሩትን ዐሥራ አንድ በርሜል ማን አየ?»

«ሁሉም ሁለት ነው።»

እሱ ወደ እኔ ዞረ። ዳኛ መስሎ ሳይሆን የደከመው ሰው መስሎ ነበር የጠየቀኝ። «ምላስ፣ ነገሩ ቀላል ነው። የመጀመሪያውን የቀመስሽው አንቺ ነሽ። እሱ መራራ ከነበረ ሁለት ጣሳ በዝቷል ማለት ነው፤ ጥፋቱም የኔና ያንቺ እንጂ የእሷ አይደለም። መራራ ካልነበረ ግን ከዚያ በኋላ ነው የተበላሸው። የዚያን ቀን ጠዋት የቀመስሽው መራራ ነበር ወይስ አልነበረም?»

ሚጡ አየችኝ። አልለመነችኝም፤ ብትለምነኝ ምናልባት እናገር ነበር፤ አላውቅም። ጠበቀችኝ። ጊዜ ነበረኝ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሲቆጥር ይሰማኝ ነበር። «አላውቅም፣ ምላሴ ከክረምት ጀምሮ ሞታለች» ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? ሃያ ሁለት ዓመት በቃል ያልተሸነፍኩ ሴት ይህችን ዓረፍተ ነገር መሸከም አቃተኝ። እሷ ወጣት ናት፣ ሌላ ሥራ ታገኛለች አልኩ በልቤ። እኔ ግን ማን ይወስደኛል? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ፤ ሆዴ ያውቅ ነበር።

«አልነበረም» አልኩ።

ሚጡ ሽርጧን ፈታች፣ ለአራት አጠፈች፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና ወጣች።

ከሥራ ስመለስ ቤት ውስጥ ናት። ሁለት ክፍል ነው ያለን፤ የእሷ አልጋ መስኮቱ ሥር ነው። ድንች እየላጠች ነበር። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁትን ሁሉ አወረድኩላት፤ አይዞሽ፣ ያልፋል፣ አንድ በር ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል፣ ትንሽ ሲበርድ እኔው አነጋግረዋለሁ። አስጨርሳኝ ነው ቀና ያለችው።

«ከክረምቱ ጀምሮ ጣዕም አይሰማሽም፣ አይደል?»

ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ።

«ከሕመምሽ በተነሳሽ ሰሞን የሠራሁልሽ ሾርባ ትዝ ይልሻል?» አለች። «ረስቼ ጨው ሁለቴ ጨምሬበት ነበር። እኔ አንድ ማንኪያ አልወርድልኝ አለ። አንቺ ሳህኑን ጠርገሽ እጅሽ ይባረክ አልሽኝ። ያኔ ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እስክትነግሪኝ እየጠበቅኩ ነበር።»

«አምስት ወር ሙሉ?»

«አምስት ወር ሙሉ። በየጠዋቱ ሳህኑን ሳላመጣልሽ በፊት ጓዳ ገብቼ አንድ አንድ እነክስ ነበር። ሁለት ቀን መሮኝ በርሜሉን ደፍቼ እንደገና በጥብጫለሁ። አንቺ ጋ የደረሰው ሁሉ ቀምሼ ያሳለፍኩት ነው።»

ያን ጊዜ ነው ጣቴና ጆሮዬ ምን ያህል ጎበዝ እንደነበሩ የገባኝ። የኮራሁበት ሁሉ የእሷ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የኔን ነገር እኔ መጨረሻ ሰማሁ።

«የትምህርት ቤቶቹንስ?»

«ቀምሼዋለሁ። በጣም መሮኛል። ግን ዲግሪ በርሜሉ ላይ ቆሟል፤ እንዴት ልድፋው? አንቺ ጋ አመጣሁት። ደግመሽ ቅመሺው አልኩሽ።» ድንቹን ውሃው ውስጥ ጣለችው። «ከዚያ በላይ በሰው ፊት ምን ልበልሽ?»

«ቢሮ ውስጥስ? አንቺው አትናገሪም ነበር?» አልኳት። ዛሬ ሳስታውሰው የሚያሳፍረኝ ይህ ነው፤ እሷን መውቀስ ዳዳኝ።

«እኔ ብናገር ማጋለጥ ነው። አንቺ ብትናገሪ እውነት መናገር ነው። ነገሩ ያንቺ ነበር እኮ። እንዴት ቀድሜሽ እናገረዋለሁ?» አለችና ሌላ ድንች አነሳች።

ያን ሌሊት እንዴት እንዳደርኩ አልናገርም። ጠዋት ከቆራጮቹ ቀድሜ ዲግሪ ቢሮ ገባሁ። ሳልቀመጥ ነገርኩት፤ ክረምቱን፣ አራቱን ሳህን፣ ጠዋት ጠዋት ዓይኔን የምጨፍነውን ሁሉ። ሲሰማ ቆይቶ ተነሳና በሩን ዘጋ።

«አልሰማሁም» አለኝ።

«እንደገና ልንገርህ?»

«አልሰማሁም ማለት አልሰማሁም ነው። ትናንት ማታ ለሁሉም ትምህርት ቤቶች ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ጥፋቱ የአንዲት ሠራተኛ ነው፣ ሠራተኛዋም ተሰናብታለች ብያለሁ። ዛሬ ደግሜ የለም፣ ቀማሻችን ምላስ የላትም፣ አምስት ወር ሙሉ የሸጥነውን ማንም አልቀመሰውም ልበል? ማን ከእኛ ይገዛል? መቶ ሰው ነው እዚህ ቤት የሚሠራው።»

«ቀምሶታል እኮ። እሷ ስትቀምሰው ነበር። እሷን መልሳትና እኔን አባርረኝ።»

«አንቺን ላባርር?» አለ፤ እውነቱን ነው፣ አዘነልኝ። «ጎብኚ በመጣ ቁጥር የማሳየው አንቺን ነው። ትናንት ብትነግሪኝ ኖሮ ደብዳቤው ሌላ ይሆን ነበር። ሂጂ፣ ሥራሽ ላይ ግቢ። መራራውን ወደ አንድ ጣሳ እንመልሰዋለን። አዲሷ በጥባጭ ቀድማ ትቀምሳለች፤ አንቺ ደግሞ ሰው ፊት ትቀምሻለሽ።»

እሷ በነጻ፣ በፍቅር ስታደርግልኝ የኖረችውን አሁን ለሌላ ሰው መመሪያ አድርጎ ሰጠው። ከቢሮው ወጥቼ ሽርጤን አሰርኩ። ሳህን መጣልኝ። ነከስኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። አዲሷ ልጅ ጎን ለጎን ቆማ ፊቴን ስታይ እንባዬ መጣ፤ ጎምዛዛው ዓይኔ ገብቶ ነው አልኳት።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ቤት ሮጥኩ። ሚጡ ልብስ ንጽሕና መስጫ ሄዳ ሥራ ጠይቃ ተመልሳለች፤ አንሶላ ለመተኮስ ተቀብለዋታል። ትንፋሼ ሳይመለስ፣ ከበሩ ሳልገባ፣ «ነገርኩት» አልኳት።

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት። ሁሉንም ነገርኩት፤ አንድም አላስቀረሁም። እሱ ነው አልሰማም ያለኝ። ብትፈልጊ አሁን አብረን እንሂድና…»

ጫማዋን አውልቃ ጥግ አስቀመጠች። ተረጋግታ ነበር፤ የተቆጣ ሰው ፊት አልነበራትም።

«የተጠየቁት ትናንት ነበር» አለችኝ።

መጀመሪያ ስለ ሌሎች ሰዎች የምታወራ መስሎኝ ነበር። እነማን ናቸው የተጠየቁት ልላት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ወደ ምድጃው ዞራ ድስቱን ከፈተች።

«ምሳ ላቅርብልዎ?»

ሃያ አንድ ዓመት ያሳደግኳት ልጅ ናት። ጡት አላጠባኋትም እንጂ ሌላው ሁሉ የእናት ነው። ተቆጥታ በር ወርውራብኛለች፣ አኩርፋ ሁለት ቀን ዘግታኛለች፣ አንድ ጊዜ «እናቴ አይደለሽም» ብላኛለች። ያን ሁሉ ችዬ አሳልፌዋለሁ፤ በሚቀጥለው ቀን አልጋዬ ውስጥ ገብታ እግሯን እግሬ ላይ ታሞቅ ነበር። ይህን ግን እንዴት እንደሚያልፉት አላውቅም። ብትሰድበኝ እመልሳለሁ፤ እኔ ለስድብ መልስ አጥቼ አላውቅም። አክብሮት ሲሆን ምን ተብሎ ይመለሳል?

«ሚጡ፣ እባክሽ አንቺ በይኝ» አልኳት።

«እሺ» አለች። ከዚያ «ይቀመጡ፣ ሳይቀዘቅዝ» አለችኝ።

ይህ ከሆነ ሦስት ወር አለፈው። አብረን ነው የምንኖረው። አንሶላ ትተኩሳለች፤ መዳፏ በእንፋሎቱ ተልጧል። ትምህርቱን አቋርጣለች፤ ለምን አቋረጥሽ ስላት «አይጨነቁ» ትለኛለች። ስታመሽ ትነግረኛለች፣ ስትወጣ ትሰናበተኛለች፣ ሳስነጥስ ይማርዎ ትላለች። አንዲት ነገር አላጎደለችብኝም።

ባለፈው እሑድ ጋሽ ሞረድ የቤታችንን ቢላዋዎች ስለው ይዘውልን መጡ። ሚጡ በሩን ከፈተችላቸው፣ ወንበር ሳበችላቸው፣ ሻይ አፈላች። መጀመሪያ ለእሳቸው፣ ቀጥሎ ለኔ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ ከወገቧ ዝቅ ብላ አቀበለችን። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከእሷ ላይ መንቀል አቃታቸው።

«እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ነው ያሳደግሽው አንቺ» አሉኝ። «የኔዎቹን ብታዪያቸው። አንተ እያሉ ነው የሚጠሩኝ፤ ጢሜን ይጎትቱኛል። ትልቅ እህቱን እርስዎ የሚል ሰው በዚህ ዘመን የት ይገኛል? መታደል ነው።»

«መታደል ነው» አልኳቸው።

ሚጡ ስኳሩን ይዛ አጠገቤ ቆማለች። ፈገግታዋ አልጎደለም። ጎንበስ ብላ፣ ለእንግዳ እንደሚጠየቀው በለሰለሰ ድምፅ ጠየቀችኝ።

«ጣፈጠልዎ፣ ወይስ ልጨምርልዎ?»